አላየሁም ያለው መጽሐፍ

ሳህሉ ፍራንክፈርት የገባው በተማሪነት ነው፤ ወደ አገሩ መመለስ ስላልቻለ እዚያው ቀረ። በፈረንጆች 1985 ሳክሰንሃውሰን በሚባለው የከተማዋ ሰፈር ያለ አንድ ትንሽ ኩባንያ ቀጠረው። ኩባንያው የአንድን የአሜሪካ ድርጅት ኮምፒውተር የሚመስል፣ የዚያን ፕሮግራሞች ሁሉ የሚያስኬድ ርካሽ ማሽን ሊሠራ ነበር። የማሽኑ ክፍሎች ገበያ ላይ ሞልተዋል። የማይሸጠው ማሽኑ ሲበራ የሚያስነሳው ትንሽ ፕሮግራም ብቻ ነው፤ እሱን መቅዳት ደግሞ ያስከስሳል።

ስለዚህ ቀዱ እንዳይባል ሠራተኞቹ ለሁለት ተከፈሉ። የታችኛው ፎቅ ሰዎች የአሜሪካኖቹን ፕሮግራም አንብበው ምን እንደሚሠራ ብቻ ይጽፋሉ። ዋናውን አይተው የማያውቁት የላይኛው ፎቅ ሰዎች ያንን ጽሑፍ ይዘው አዲስ ይሠራሉ። ወረቀቱን የሚያመላልሱት የኩባንያው ጠበቃ ፍራው ሊንደ ነበሩ።

ሳህሉ ላይኛው ፎቅ ተመደበ። ዋናውን ፕሮግራም «አላየሁም» ብሎ ፈረመ። ግን አይቶታል። ዩኒቨርሲቲ ሳለ ፕሮግራሙ የታተመበትን መጽሐፍ ተውሶ ሁለት ሳምንት ሙሉ አጥንቶታል። ሥራ ካላገኘ የመኖሪያ ፈቃዱ አይታደስምና ዋሸ።

ኪቦርዱን የሚያነበውን ክፍል መጻፍ ሲጀምር ጉዱ ፈላ። እጁ የሚጽፈው መጽሐፉ ላይ ያለውን ሆነ። ሰርዞ በሌላ መንገድ ሲሞክር ማሽኑ ይንቀራፈፋል፤ ሲያስተካክለው ተመልሶ ያው ይሆናል። ሦስት ወር እንዲህ አለፈ።

«ምን ነካህ? ይሄ እኮ ቀላል ነው» ይለዋል አጠገቡ የሚሠራው ቮልፍጋንግ።

በመጨረሻ ለሚስቱ ለሰብለወንጌል ነገራት።

«ሄደህ ንገራቸው» አለችው።

«ቢያባርሩኝስ? የመኖሪያ ፈቃዳችን ምን ይሆናል?»

«እህል እንኳ አልበላ ብሎሃል። እንዲህ ሆነህ እስከ መቼ ትዘልቃለህ?»

በማግስቱ ለፍራው ሊንደ ሁሉንም ተናገረ። ሴትዮዋ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«የጻፉት በሙሉ ይጣላል» አሉት። «እርስዎ ታች ይወርዳሉ። መጽሐፉን ያነበበ ሰው ቦታው እዚያ ነው።»

ወረደ። ቮልፍጋንግ ሥራውን ከባዶ ጀመረው፤ ሁለቱ አንድ ቃል እንዳይነጋገሩም ተፈራረሙ። ጥያቄ በወረቀት ይመጣል፤ ሳህሉ የኪቦርዱን ቁልፍ ሲጫኑት ምን እንደሚሆን ብቻ ጽፎ ይመልሳል። በአንድ የፕሮግራም መስመር ሊያሳየው ይችላል፤ አይፈቀድለትም።

ማሽኑ በመጸው ገበያ ላይ ዋለ። የሳህሉ አንዲት መስመር እንኳ ውስጡ አልነበረችም። ኩባንያው ሌላ ሞዴል ጀመረ፤ ሳህሉም ከታች አልወጣም። ከሥራ ሲወጡ ከቮልፍጋንግ ጋር አንድ ትራም ይሳፈራሉ። ቮልፍጋንግ ራሱን ዝቅ አድርጎ ብቻ ሰላም ይለውና ወደ ኋላ ሄዶ ይቀመጣል።