መደርደሪያው አልረዘመም

ኦቦ ገርባ ቅቤውን ከእሳቱ ዳር አስቀምጠው የቀርከሃ ስንጥሮቻቸውን ጉልበታቸው ላይ ሲደረድሩ፣ ራዲያ የስፌት መኪናዋን መዘውር ማዞር አቃታት። ከፉሪ እስከ ሰበታ እጃቸው ያልጠገነው ስብራት የለም የሚባልላቸው ወጌሻ ዛሬ የመጡት ለመጠገን ብቻ አልነበረም፤ አስቀድመው ሊሰብሩ ነው።

የራዲያ እናት ሰብሪያ በጅማ መንገድ ዳር፣ በዚሁ ቤት፣ ጨርቅ ትሸጣለች። በክረምቱ መግቢያ አቡጀዲ ከመደርደሪያ ልታወርድ ሳጥን ላይ ወጥታ ወደቀችና ቀኝ የእጅ አንጓዋ ተሰበረ። ኦቦ ገርባ አሰሩላት። እርሷ ግን ልጇ አብዱሰመድ በልጅነቱ ክንዱ ተሰብሮ ፈጥኖ እንደዳነ አስታውሳ፣ የራሷን ዐጥንት በእርሱ ዐጥንት መዝና፣ ማሰሪያውን ያለ ጊዜው ፈታችው። አንጓዋ ብዙ ቆይቶ ሲገጥም እንደ ማንኪያ አንገት ጎብጦ ቀረ፤ መቀስም አልጨብጥ አላት።

ራዲያ እናቷን አዲስ አበባ ወስዳ አሳይታ ነበር። ሐኪሙ ራጁን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥቶ፣ «ዐጥንታቸው ሳስቷል። የሳሳ ዐጥንት ራሱን የሚተካው በዝግታ ነው፤ ይህን ያህል መግጠሙም ደግ ነው። ዳግመኛ ከተሰበረ ላይገጥም ይችላል» አላቸው። ከዚያን ቀን ወዲህ ራዲያ እናቷ ደፍ በተሻገረች ቁጥር ልቧ ይሰነጠቃል።

«አካም ቡልተን፣ ኦቦ ገርባ!» አለች ሰብሪያ ከጓዳ ስትወጣ። «ዛሬማ እንደ ሙሽራ ተዘጋጅቼ ነው የጠበቅሁዎ።»

«ሙሽራም ታለቅሳለች፤ ብቻ አይጩሁ፣ ጎረቤቱ ሌባ ገባ ብሎ ዱላ ይዞ እንዳይመጣብኝ!»

«ኦቦ ገርባ፣ እባክዎ ይቆዩ» አለች ራዲያ። «ሐኪሙ...»

«ሐኪሙ!» እናቷ አቋረጠቻት። «ጃንሆይ ይሙቱ፣ ጥርሴ እንኳ አንድ አልወለቀ! የሰው ዐጥንት እንደ ነጠላ ይሳሳል እንዴ?»

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ የጠመመ ሳይሰበር አይቃናም» አሉ ወጌሻው፤ «የስንቱን አቃንቻለሁ።» አውራ ጣታቸውን በቅቤ ነክረው የሰብሪያን አንጓ ያዙ።

 የራዲያ ዐይን ከእናቷ እጅ ሸሽቶ አቡጀዲው ከተደረደረበት ከላይኛው መደርደሪያ ላይ ዐረፈ። ያን ጊዜ እስከ ዛሬ ያልጠየቀችው ነገር ከአፏ ወጣ።

«እማ፣ ድሮ አቡጀዲውን በምን ነበር የምታወርጂው?»

«በእጄ ነዋ!»

«ታዲያ ያን ቀን ሳጥን ላይ ምን አወጣሽ?»

 ሰብሪያ እጇን ከወጌሻው ቀስ ብላ አስለቀቀች፤ መደርደሪያው ሥር ሄዳ ደህናውን ግራ እጇን ዘረጋች። ጣቶቿ ጣውላውን ሳይነኩ ቀሩ። ራዲያ ለዐረፋ ቁርጭምጭሚቷ ድረስ ለክታ የሰፋችላት ቀሚስ ከተረከዟ ኋላ አቧራውን ይጠርግ ነበር።

«አብዱሰመድ ነው ከፍ ያደረገው» አለች ሰብሪያ ዘወር ሳትል።

«መደርደሪያው አልረዘመም፣ እማ።»

ኦቦ ገርባ የቀሚሱን ጫፍ፣ ከዚያም የሰብሪያን የጎበጠ ትከሻ ለረጅም ጊዜ አዩ። ስንጥሮቻቸውን አንድ በአንድ ወደ አቁማዳቸው መመለስ ጀመሩ።

«እንግዲያው ቅቤውን ብቻ» አለች ሰብሪያ ተመልሳ ስትቀመጥ፣ የጠመመውን እጇን እንደ ሕፃን አቅፋ። «እሱንም ቀስ ብለው።»

ወጌሻው ከሄዱ በኋላ ራዲያ ከእናቷ እግር ሥር ተንበርክካ የቀሚሱን ጫፍ በመርፌ ቁልፍ ትይዝ ጀመር።

«ልቁረጠው?»

«አትቁረጪ፤ እጠፊው።» «ደግሞ ሰፋ አድርገሽ እጠፊው። ሌላ ጊዜ ደግሞ ሳጥር ዳግመኛ እንዳትደክሚ።»

 ራዲያ ግን የምትችለውን ያህል አጥብባ አጠፈችው።