ተቃውሞ አልቀረበም

ቃለ ጉባኤውን የያዘችው እሷ ናት፣ የቢሮው ጸሐፊ። ማንም አላስገደዳትም፤ በገዛ እጇ «ተቃውሞ አልቀረበም» ብላ ጻፈች። ውሸትም አልነበረም። የመሬት ቢሮው ኃላፊ፣ ሠራተኛው ከኋላው «ቶሎ በሉ» እያለ የሚያማው ሰውዬ፣ ጫካውና የወንዙ ዳር ግጦሽ ለባለሀብት ሊሰጥ መሆኑን አስረዳና «የሚቃወም አለ?» ብሎ ጠየቀ። የመንደሩ ስልሳ ቤት ጭጭ አለ። እሱም ሰዓቱን አየና ስብሰባውን ዘጋ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ በዚህኛው ግን ባለሀብት ከነዶዘሩ ሊገባበት ነው።

እዚያ መንደር ጭጭ ማለት ምን እንደሆነ እሷ አሳምራ ታውቃለች፤ ተወልዳ ያደገችበት ነው። መሬቱ የማንም የግል አይደለም። ግጦሹም ማገዶውም ውኃውም የሚታደለው በጉባኤ ነው፤ በጉባኤው ደግሞ የተስማማ ቤት ተነሥቶ «ይሁን» ይላል። አንድ ቤት ዝም ካለ ነገሩ አበቃለት። ዝም ያለውን ማንም አይጎተጉተውም፣ ማንም አይቆጣውም። የቀደሙት ሰዎች ይህን ያበጁት ፈሪውም ድሃውም ኮልታፋውም እኩል እምቢ ማለት እንዲችል ነው። እሷ ግን ስምንት ዓመት ቢሮ ተቀምጣ የቢሮውን አነጋገር ለመደችና እጇ ከልቧ ቀደመ።

ሰኞ ጠዋት አክስቷ ቢሮ ድረስ መጡ። ያሳደጓት እሳቸው ናቸው፤ ጉባኤውን የሚመሩትም እሳቸው። ወንበር ብትስብላቸው አልተቀመጡም።

«ዛፉን ሁሉ ቀይ ቀለም ለቅልቀውት ሄዱ» አሉ። «ተስማምታችኋል ተባልን። ማነው የተስማማው?»

«አክስቴ፣ እኔ የጻፍኩት የተባለውን...»

«ምን የተባለ ነገር አለና! እኛ መቼ አፋችንን ከፈትን? ልጃችን እዚያ ተቀምጣለች፣ እሷ ታስረዳልናለች ብለን እኮ ነው!»

«ይቅር ይበሉኝ።»

አክስቷ ዝም አሉ። ይህን ዝምታ የሚተረጉምላት ሰው አላስፈለጋትም።

ኃላፊው «ቶሎ በሉ» ቃለ ጉባኤውን በእጁ ይዞ ከውስጠኛው ክፍል ወጣ።

«እንዴት አደሩ እማማ! ለቀለሙ ከሆነ የመጡት፣ ነገሩ እኮ ያለቀ ነው። ስልሳ ሰው ተጠይቆ አንድ የተነፈሰ የለም። ዝም ማለት መስማማት ነው።» ወረቀቱን ጸሐፊዋ ፊት ጣል አደረገው። «ያንቺ ፊርማ ብቻ ነው የቀረው። ቶሎ በይ፣ መኪናው እየጠበቀ ነው።»

ወረቀቱን ሳበችና የገዛ እጅ ጽሑፏን አየች። ስምንት ዓመት አብራው ስትሠራ አንድ ቀን እንኳ «እናንተ ጋ ነገር እንዴት ነው የሚወሰነው?» ብሎ ጠይቋት አያውቅም። እሷም እንጀራዬን አጣለሁ ብላ ትንፍሽ አላለችም። በማን ይበልጥ እንደተናደደች እንጃላት።

«እኛ ጋ ዝም ማለት እምቢ ማለት ነው» አለችው።

ሳቀ። «እናንተ ጋ ይሆናል። እኔ የማውቀው ወረቀቱን ነው። ትፈርሚያለሽ አትፈርሚም?»

ዝም አለች።

«ጎሽ» አለና እስክሪብቶውን አስጨበጣት።

ጨበጠችው። «ተቃውሞ አልቀረበም» የሚለውን ሰረዘችና ከበላዩ «ስልሳ ቤት ተጠየቀ። ስልሳውም እምቢ አለ» ብላ ጻፈች። ፈረመች። ማኅተሙንም ከመሳቢያ አውጥታ ጠረጴዛው እስኪናጋ መታችበት።

«አብደሻል? ነገ እዚህ ወንበር ላይ የምትቀመጪ መሰለሽ?»

«አልመሰለኝም።»

ፊቱ ደም ለብሶ ወደ አክስቷ ዞረ። «እማማ፣ ልጅዎ እኮ እንጀራዋን በገዛ እጇ እየደፋች ነው! እባክዎ ይምከሯት፣ ይሄን ነገር ታስተካክል!»

አክስቷ ወንበሩን ስበው ተቀመጡ። ዓይናቸውን ከዓይኑ ሳይነቅሉ ዝም አሉ።

«ቶሎ በሉ» ጠበቀ። ሰዓቱን ለማየት እጁን አነሣና መልሶ አወረደው። ከዚያ በስምንት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ጸሐፊዋ ዞሮ ጠየቃት።

«ምን ማለታቸው ነው?»

«እምቢ አሉ» አለችው።