የተላጉት በሮች

ለሳኙ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ግድግዳ ሲለስን ኖሯል። ሌላው ሰው ቤት ሲገባ ሶፋና መጋረጃ ያያል፤ እሱ ግን ጥግ ጥጉን ነው የሚያየው። ሴት ልጁና ባሏ አዲስ የተከራዩትን ቤት ሊያሳዩት የወሰዱት ቀንም እንዲሁ ሆነ። አማቹ የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ አፉን ሞልቶ ሰፈሩን ሲያወድስለት የአማትየው ዓይን ሌላ ቦታ ነበር።

በርግጥ ሰፈሩ ያምራል። ዳገት ላይ ስለሆነ ነፋሻ ነው፣ ውሃ አይጠፋም፣ ጎረቤቱ ሰላምታ አይሰስትም። ልጁ የሰባት ወር እርጉዝ ናት፤ ጤና ጣቢያው ደግሞ በእግር አምስት ደቂቃ አይሞላም። ለሳኙ ግን የመኝታ ቤቱ በር ሥሩ ላይ መላጉን አየ። የተላገው ቀጥ ብሎ ሳይሆን በሰያፍ ነው። ወጣ ብሎ የጎረቤቶቹን በሮች እያየ ቁልቁል ወረደ። ሦስተኛውም፣ አምስተኛውም፣ ሁሉም በአንድ ወገን ተልገዋል።

ፊት ለፊት የምትኖረው ልብስ ሰፊ ደጃፏ ላይ ቁጭ ብላ ቁልፍ ትተክላለች። በሯ ለምን እንደተላገ ጠየቃት። እንጨት በዝናብ ያብጣል አለችው፤ ቀና ብላ ግን አላየችውም። እንጨት ግን በሰያፍ አያብጥም፤ በር በሰያፍ የሚላገው መቃኑ ሲዘምም ነው።

ተመልሶ ኩሽናው ውስጥ ያለውን ቁም ሣጥን ፈቀቅ ሲያደርግ በቅርቡ ቀለም የተቀባ ስንጥቅ አገኘ። ጀሶ በጥብጦ በስንጥቁ ላይ አሻግሮ ለጠፈበት፣ ቀኑንም በእርሳስ ጻፈ። ጀሶ አይለጠጥም፤ ግድግዳው ከተንቀሳቀሰ ለሁለት ይከፈላል ብሎ ለልጁ አስረዳት።

በአራተኛው ቀን መጥቶ ሲያይ ጀሶው ለሁለት ተከፍሎ የአውራ ጣቱን ጥፍር ያስገባል።

“አባባ፣ እርስዎ ዕድሜዎን ሙሉ ስንጥቅ ሲደፍኑ ስለኖሩ ነው” አለው አማቹ እየሳቀ። “ሐኪም ቤት የሚሠራ ሰው ጤነኛ ሰው ያለ አይመስለውም።”

ለሳኙም ለይሉኝታ ያህል ሳቀ። ቢያንስ ክረምቱ እስኪያልፍ እሱ ቤት እንዲሰነብቱ ለመናቸው። ልጁ ባሏን አየች፣ አባቷን አየች፣ ከዚያ ባሏ ጎን ሄዳ ቆመች። እሱም የሰው ትዳር ውስጥ የገባ መስሎት አፍሮ ሄደ።

ሰኞ ጠዋት የጀመረው ዝናብ እስከ ከሰዓት አላባራም። ለሳኙ ሥራውን ጥሎ፣ እጁ ላይ ያለውን ሲሚንቶ እንኳ ሳይታጠብ ሮጠ። የቤቱ በር ግን አልከፈት አለ። አማቹ ሥራ ላይ ነው፤ መስኮቱ ሁሉ የብረት ፍርግርግ አለው።

“አባዬ፣ በሩ እምቢ አለኝ” አለችው ልጁ ከውስጥ። “ግድግዳው ቋ ቋ ይላል። ፀጉሬ ላይ አሸዋ እየረገፈ ነው።”

ድምፅዋ ዝግ ያለ ነበር፤ ብትጮህ ይሻለው ነበር። በትከሻው ገፋ፣ በእግሩ መታ፤ መቃኑ በሩን ነክሶ ይዞታል።

ያን ጊዜ ልብስ ሰፊዋ ዲጂኖ ተሸክማ መጣች። ምን ሆናችሁ ብላ አልጠየቀችም።

“ከላይ አይደለም፣ ከታች፣ በማጠፊያው በኩል” አለችና ብረቱን ራሷ ሰካችው። ሁለቱም ተጫኑት። በሩ ተገንጥሎ ወደቀ፤ ልጅቱ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ ወጣች። ደግፈዋት ዋናው መንገድ ደረሱ።

“ታውቂ ነበር” አላት ለሳኙ ልብስ ሰፊዋን።

“ሁላችንም እናውቃለን አባባ። መሬቱ በየክረምቱ ቁልቁል ይሄዳል” አለች። “ሰፈሩ መጥፎ ነው ከተባለ ቤቴን ማን ይገዛኛል? ካልሸጥኩ ደግሞ የት እሄዳለሁ?”

ቤቱ በዚያ ቀን አልፈረሰም። አማቹ ከሥራ ሲመለስ የወደቀውን በር አየና አልጋውን ራሱ ተሸክሞ አወጣ። ልጃቸው ለሳኙ ቤት ሳሉ በሰላም ተወለደች። እሱ ግን እስከ ዛሬ ጣሪያ ቋ ካለ ሕፃኗን ታቅፎ ደጅ ይቆማል፤ ማንም አይስቅበትም።

በሩ በወደቀ ማግስት አከራዩ ስንጥቁን እንዲለስንለት ለሳኙን ራሱን አስጠራው። ለሳኙ አልሄደም። ከሁለት ሳምንት በኋላ በዚያ ሲያልፍ ግን ቤቱ ተለስኖ፣ ተቀብቶ፣ አዲስ በር ተገጥሞለት አገኘው። አንድ ወጣት ባልና ሚስት ከአከራዩ ጋር በረንዳው ላይ ቆመዋል፤ ሚስትየው በክንዷ መስኮቱን ለመጋረጃ ትለካለች።

ልብስ ሰፊዋ ከማዶ አየችው። ራሷን በትንሹ ነቀነቀች፤ አትናገር ማለቷ ነው። እሱ ግን ተሻግሮ ያየውን ሁሉ አከራዩ ፊት ነገራቸው።

ባልና ሚስቱ ሄዱ። ልብስ ሰፊዋ ስፌት መኪናዋን አንስታ ወደ ውስጥ ገባች። ክረምቱን እሱ ቤት፣ ከልጁ ጋር፣ እንድታሳልፍ በተዘጋው በር ላይ ቆሞ ሦስት ጊዜ ለመናት። አልከፈተችለትም። ከዚያ ወዲህ ሰላምታውንም አትቀበልም። ሰማዩ በጠቆረ ቁጥር ለሳኙ ሥራውን አቋርጦ ወደ ዳገቱ አቅጣጫ ያያል።