የአፋልጉኝ ቁልፍ

ጋሽ ፀጋው ያንን የክፍያ ቁልፍ አንድ ቦታ ማርጋት አቃታቸው። ጋዜጣቸው «ሐዲድ» ከወረቀት ወደ ኢንተርኔት ሲገባ ሁሉም በነፃ ነበር። ቀጥሎ ሁሉም ተቆለፈ፤ ካልከፈልክ አታነብም። አንባቢው ጥሎ ሲሸሽ ዜናው ተከፈተና ስፖርቱ ተቆለፈ። አሁን ደግሞ፣ ይግረማችሁ ብሎ፣ «ሰው በብዛት የሚያየው የቱን ነው?» አሉና ስፖርቱን ከፍተው አፋልጉኝን ቆለፉት!

አፋልጉኝ የጋዜጠኛዋ የዘቢደር ገጽ ነው። ወደ የመን ሊሻገሩ ጅቡቲ ገብተው ድምፃቸው የጠፋ ልጆች በቤተሰቦቻቸው የሚፈለጉበት።

«ጋሼ፣ የሚፈለገው ልጅ መፈለጉን የሚያውቀው ከፍሎ ነው እንዴ?» አለች፣ ደሟ ፈልቶ።

«ታዲያ እናንተን በምን ላሠራችሁ? በምርቃት?»

አይፈረድባቸውም፣ ጋዜጣው እየሞተ ነበር። ዘቢደር ግን በሆዷ «ሞኝዎን ይፈልጉ» አለች። ምክንያቱም ሲምቦ አጠገቧ ተቀምጣ ታለቅሳለች። እዚሁ ጅቡቲ ከተማ፣ አምቡሊ ሰፈር ሆቴል የምታጸዳ ልጅ ናት። ወንድሟ ቡልቻ እናቱን ላሳክም ብሎ ከአገር ወጣ፤ ስልኩ ጠፋ። እናትየው ደግሞ ከሄደ በኋላ ዳነች። ልጁ ግን ይህን ሳይሰማ ባሕር ሊገባ ነው።

ቁልፉ ርዕስን አይነካም። ዘቢደርም ማስታወቂያውን እንዳለ ርዕሱ ላይ ገለበጠችው።

በማግስቱ ጋሽ ፀጋው ጠረጴዛዋ ድረስ መጥተው አፈጠጡባት። «ይሄ ርዕስ ነው ስብከት? አሁኑኑ አሳጥሪው!»

«አላሳጥርም። ከፈለጉ ያባሩኝ።»

የቢሮው ስልክ ጮኸ። እሳቸው አነሱት፣ ድምፁንም ለሁሉም እንዲሰማ ለቀቁት።

«አባባ፣ ቡልቻ ነኝ፣ ከከተማው ዳር፣ ባልባላ ነው ያለሁት። ስሜን በሰው ስልክ አሳዩኝ። ‹ቡልቻ፣ ባሕር እንዳትገባ፤ እናትህ› ይልና ርዕሱ ስልኩ ላይ አልበቃ ብሎ ይቆረጣል። ስነካው ክፈል ይላል። እናቴ ሞተች እንዴ?»

ጋሽ ፀጋው የገዛ ስልካቸውን አውጥተው ገጹን ነኩት። «ለማንበብ ይክፈሉ» አላቸው። ደግመው ነኩት። ያው ነው። ላብ አጠመቃቸው።

«አባባ? ሞተች?»

«ዘቢደር! የልጁ እናት ምን ሆነች?»

ዘቢደር መነጋገሪያውን ነጠቀቻቸው። «ድናለች! ቡልቻ፣ እናትህ ድናለች፣ ቆማ እየሄደች ነው! ካለህበት ንቅንቅ እንዳትል፣ እህትህ ትመጣለች!»

ከወዲያ የተሰማው ለቅሶ ብቻ ነበር። ጋሽ ፀጋው ወንበር ስበው ቁጭ አሉ።

«ክፈቺው» አሉ።

«የቡልቻን ብቻ?»

«የሁሉንም! ደግሞም ከእንግዲህ ቁልፍ እንዳይነካው።» ግንባራቸውን በመሐረብ ጠረጉ። «ስፖርቱን መልሼ እቆልፋለሁ።»

«እሱን እንዳሻዎት» አለች ዘቢደር፣ ለሲምቦ እየደወለች።