የአባይነህ ተራ

ጥር በገባ በሁለተኛው ቀን ሰርካለም ከምንጭ ውኃ ቀድታ ስትመለስ እናቷን ገብስ ስትዘፈዝፍ አገኘቻት። ገብሱን ገና ከበር ሆና አወቀችው። አባቷ በእጁ መርጦ፣ ከትንሿ ጎታ ከቶ፣ አፏን በእበት ለስኖ ለበልግ ያኖረው ዘር ነው። የመኸሩን ሰብል በጥቅምት ውርጭ ስለመታው በቤቱ ውስጥ ሌላ ገብስ የሚባል አልነበረም።

እንስራዋን ከጀርባዋ አውርዳ ከግድግዳው አስጠጋች።

«እማዬ፣ ይሄ እኮ ዘሩ ነው።»

«አውቃለሁ» አለች ደብሪቱ።

«በየካቲት ምን ልንዘራ ነው?»

ደብሪቱ እጇን ከገበቴው አውጥታ በቀሚሷ ጠረገች። «እሱ የካቲት ሲመጣ ይታሰባል። ገብርኤል ግን ቀኑን አያዛውርልኝም» አለችና ብቅሉን የምታጎነቁልበት ቅጠል ፍለጋ ወደ ጓሮ ወጣች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዘመሮ ከተማ አንድ ሰዓት ተኩል በእግር በሚያስኬደው በዚያ መንደር አሥራ ሁለት ቤቶች የገብርኤል ማኅበር አላቸው። በየወሩ በአሥራ ዘጠኝ ከአንዱ ቤት ተሰብስበው ይበላሉ፣ ይጠጣሉ፣ ያወጋሉ። ሲያበቁ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነችው ትንሽ ማሰሮ፣ ጽዋው የሚሏት፣ ለቀጣዩ ባለተራ ትሰጣለች። ጽዋውን ወደ ቤቱ የወሰደ ሰው በሚቀጥለው ወር ይደግሳል።

የሰርካለም አባት የአባይነህ ተራ ሰኔ ላይ ነበር። በታኅሣሡ ገብርኤል ግን ሁለት ወር ከተኛበት መደብ ተነሥቶ፣ አንድ እጁን በከዘራው አንዱን በሚስቱ ትከሻ ላይ ጥሎ፣ እየተጎተተ ከማኅበሩ ደረሰ። ጽዋው ሲነሣም እኔ ልውሰደው ብሎ ለመነ። ምነው፣ ምን አስቸኮለህ ሲሉት ሰኔ ሩቅ ነው አላቸው። ሰው ሁሉ ሳቀ። ደብሪቱ ብቻ አልሳቀችም። በአምስተኛው ቀን ሞተ።

ሰርካለም የደረሰችው በተቀበረ በሦስተኛው ቀን ነው። ሐዋሳ አራት ዓመት ስለ ሰብል ተምራ፣ እዚያው ሁለት ዓመት በኮንትራት ሠርታ፣ ኮንትራቱ አልቆ ሌላ ሥራ ስትፈልግ ነበር የከረመችው። ያጠራቀመቻት ገንዘብም አባቷ የነበሩት ስምንት በጎችም ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ቀርተዋል። ከመጣች ጀምሮ ልብሷን ከሻንጣዋ አላወጣችም። ለለቅሶ የሚመጣው ሰው መቼ ትመለሻለሽ ሲላት ወዴት እንደሆነ ለራሷም አልገባትም ነበር። አላለቀሰችም። ሰው ፊት ሻሿን ወደ ዓይኗ እየሳበች ዝም ትላለች እንጂ፣ ዕንባ የሚባል ነገር ከየት እንደሚመጣ የጠፋባት ያህል ነበር።

ስለ ገብሱ ግን ዝም ማለት አልቻለችም። ተዝካሩን እንኳ፣ ፍትሐቱ ይበቃል፣ ድግስ አትደግሱም ብለው ንስሐ አባታቸው አባ ይሥሐቅ ገላግለዋቸዋል። ታዲያ ማኅበሩ ምን የተለየ ነው? በማግስቱ ለእናቷ ሳትነግር ሸለቆውን ተሻግራ የማኅበሩ መሪ፣ በእነሱ አጠራር ሙሴው፣ ምንተስኖት ቤት ሄደች።

ምንተስኖት ስድሳውን ያለፉ፣ ሲናገሩ ጉሮሯቸውን የሚጠርጉ ሰው ናቸው። ከስምንት ዓመት በፊት በአንዲት የወሰን ድንጋይ ምክንያት ከአባይነህ ጋር ተጣልተው ነበር። በማኅበሩ ሕግ የተቀየመ ሰው ከተቀየመው ሰው ቤት እህል አይቀምስም፣ ጠላ አይጠጣም። የዚያን ጊዜ ምንተስኖት አባይነህ ቤት ገብተው፣ የተቀዳላቸውን ዋንጫ ሳይነኩ መሬት ላይ ሲያስቀምጡ ሰው ሁሉ አይቶ፣ እዚያው ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ታርቀው ነው የተጠጣው። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ወንድማማች ሆኑ። የአባይነህን ቃሬዛ ከፊት ይዘው እስከ ቤተ ክርስቲያን ያደረሱትም እሳቸው ነበሩ።

ሰርካለም ያለውን ነገረቻቸው። ያ ገብስ ካለቀ የሚዘራ የለም። የሚዘራ ከሌለ መሬቱ ለእኩል አራሽ ይሄዳል፣ ግማሹ ምርትም ከእሱ ጋር። ስለዚህ ጽዋውን ለሌላ ሰው ያስተላልፉላት።

ምንተስኖት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ጽዋውን ከሐዘንተኛ ቤት ማንሣት ሟቹን ከማኅበር ማስወጣት ይሆናል፣ እሱን አፌ አይለውም አሏት። ግን ሌላ መላ አለ። እንመጣለን፣ ጸሎት አድርሰን፣ ከዳቦው ለበረከት ቆንጠር አድርገን እንሄዳለን። ለሁሉም እኔ እነግራለሁ። አንቺ ደግሞ እናትሽን በዘዴ ያዣት፣ ከአንድ ማሰሮ በላይ አትጥመቅ።

ምሥጢሩን ለእናቷ እንዳይነግሩባት አደራ ብላቸው፣ ይህን ይዛ ወጣች። እናቷን በዘዴ መያዝ ያሉት ነገር ግን ቤት ስትደርስ ጠፋባት። ትንሽ ብቻ ጥመቂ እማዬ፣ የሚጠጣም ሰው አይኖር ይሆናል አለቻት። ደብሪቱ አልመለሰችላትም። ሰርካለም ዝምታዋን እሺ ነው ብላ ወሰደችው። ከሁለት ቀን በኋላ ደብረ ብርሃን የሥራ ማስታወቂያ ወጥቷል ሲሏት ማስረጃዋን ይዛ ሄደች፤ ጥምቀትንም እዚያው አክስቷ ቤት ዋለች።

ጥር አሥራ ስምንት ቀን ወደ ማታ ስትመለስ ቤቱ ብቅልና ጌሾ ይሸታል። ሦስት ጋን ጠላ ከግድግዳው ሥር ተደርድሯል። አራት ድፎ ዳቦ በነጠላ ተሸፍኖ መደቡ ላይ ተቀምጧል። የትንሿ ጎታ አፍ ክፍት ነው። ሰርካለም እጇን ወደ ውስጥ ሰድዳ ዳሰሰች። አቧራ ብቻ ወጣላት።

ደብሪቱ ከጓዳ ሆና አየቻት። «አራት ዓመት ስለ ገብስ ተምረሽ፣ ባዶ ጎታ አይተሽ አታውቂም?» አለቻት። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። እንዲያውም ከቀብሩ ወዲህ ፊቷ እንዲያ በርቶ ሰርካለም አላየችም። ሥራው ደስ ብሏታል። ለዚህ ይሆናል ሰርካለም የምንተስኖትን ነገር ለመናገር አፏን ከፍታ መልሳ የዘጋችው። ሰዎቹ ሦስቱን ጋን ሲያዩ መቼም ይጠጣሉ ብላ አሰበች።

አልጠጡም።

በማግስቱ ከቅዳሴ መልስ አሥራ አንዱም ቤት መጣ። አባ ይሥሐቅ ጸሎት አድርሰው ዳቦውን ባርከው ቆረሱ። እንግዶቹ የደረሳቸውን ቁራሽ ቆንጠር አድርገው ቀመሱና የቀረውን ጭናቸው ላይ አኖሩት። ደብሪቱ ራሷ እየዞረች ጠላ ቀዳች። ሁሉም ዋንጫውን ተቀብሎ፣ አመስግኖ፣ ከእግሩ ሥር ያስቀምጣል። ጠጡ እንጂ ስትላቸው አንዱ ጥርሱን እንደሚያመው ተናገረ። አማከለች የሚባሉት መነኩሲት ሱባኤ ነኝ አሉ። ሦስት ሰዎች በዚያው ማለዳ ኮሶ ጠጥተናል አሉ፤ ሦስተኛው ሲናገር ሁለተኛው ወደ ጣሪያው ማየት ጀመረ። ምንተስኖት ጉሮሯቸውን ብቻ ጠረጉ።

ሰርካለም ከበሩ አጠገብ ቆማ ነበር። እናቷ ዝቅ ብላ ዋንጫዎቹን አንድ በአንድ ስታያቸው አየች። አሥራ አንድ ሙሉ ዋንጫ መሬት ላይ። በደብሪቱ ፊት ላይ የነበረው ብርሃን ቀስ እያለ ሲጠፋ፣ ሰርካለም እናቷ ምን እንዳሰበች የገባት ያን ጊዜ ነው።

ደብሪቱ ማንቆርቆሪያውን አስቀምጣ መሐል ቤት ቆመች።

«አባይነህ የበደለው ሰው ካለ አሁን ይንገረኝ» አለች። «ሳይታረቅ የሞተው ከማን ጋር ነው? አያ ምንተስኖት፣ አንተ ነህ? ያ ነገር በልብህ ቀርቶ ነበር? ንገረኝና እኔ እግርህ ላይ ልውደቅ። እሱ እንደሆነ ከእንግዲህ አይመጣልህም።»

ምንተስኖት ከመቀመጫቸው ተነሡ። ለመናገር ሞከሩ፤ ነገር ግን ምሥጢር ጠብቁልኝ ያለቻቸውን ልጅ አዩና ዝም አሉ። ያ ዝምታቸው ለደብሪቱ እንደ መልስ ሆነባት። ነጠላዋን ዘቅዝቃ ልትንበረከክ ስትል ሰርካለም ሮጣ ክንዷን ያዘቻት።

«እኔ ነኝ እማዬ። እንዳይበሉ፣ እንዳይጠጡ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ዘሩ እንዳያልቅ ብዬ ነው። አባዬን የተቀየመው ሰው የለም።»

ደብሪቱ ወደ ልጇ ዞረች። ሰርካለም ጥፊ ጠብቃ ነበር፤ ጥፊ ይሻላትም ነበር።

«ለምን ለእኔ አልነገርሽኝም?»

«እሺ አትይኝም ብዬ።»

«እሺ አልልሽም ነበር» አለች ደብሪቱ። «አባትሽ እንደሚሞት ያውቅ ነበር፣ ሰርኬ። ለምኖ የወሰደው አንድ ቀን እነዚህን ሰዎች ቤቱ አስቀምጦ፣ አብልቶ ሊሄድ ነው። እንደማይደርስበት ሲያውቅ፣ አንቺ ታበያቸዋለሽ አይደል አለኝ። አዎ አልኩት። ለእሱ አዎ ያልኩት የመጨረሻ ነገር ነው። መሬቱ ለእኩል ይሄዳል ብዬ አስቤ፣ አልቅሼ፣ ጨርሼ ነው ገብሱን የዘፈዘፍኩት።»

ከዚያ ወደ እንግዶቹ ዞረች። «እናንተም ብትሆኑ» አለች፤ ድምፅዋ ውስጥ ደግሞ የለመዱት ደብሪቱ ተመልሳለች፤ «ለመዋሸትም ስትመካከሩ አትችሉበትም። ሦስት ሰው ባንድ ማለዳ ኮሶ ጠጥቶ፣ አንዱ እንኳ ወደ ጓሮ አልሮጠም።»

መጀመሪያ የሳቁት ሱባኤ ነኝ ያሉት መነኩሲት ናቸው። ያንን ዋንጫ አንሥተው በአንድ ትንፋሽ ከግማሽ አደረሱት። ምንተስኖት ተከተሉ። ጥርሱን ያመመው ሰው ዳቦውን ከጭኑ አንሥቶ እንደ ጤነኛ ገመጠ።

ከዚያ በኋላ ቤቱ ቤት ሆነ። የመጀመሪያው ጋን ወደ ማለቁ ሲደርስ ወሬው ሁሉ ስለ አባይነህ ነበር። እንዴት አድርጎ በሬ እንደገዛ፣ እንዴት አድርጎ ያንኑ በሬ መልሶ ለሻጩ እንደሸጠ። ምንተስኖት ደግሞ አንድ ነገር አነሡ። ሰርካለም ሐዋሳ ከሄደች ጀምሮ አባይነህ የሰው ማሳ ዳር እየቆመ የታመመ የገብስ ዛላ ይቀጥፍ ነበር። ምን ልታደርገው ሲሉት፣ ልጄ ስትመጣ በሽታውን ትነግረኛለች ይላቸዋል። ስልክ ደውለህ አትጠይቃትም ወይ ሲሉት፣ ትምህርት ላይ ናት፣ አላስቸግራትም ይላል።

ሰርካለም ይህን ሰምታ አታውቅም። ደብሪቱ ተነሥታ ከመደቡ በላይ ካለው የግድግዳ ጎድጓዳ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አውጥታ ሰጠቻት። ለካ ከቀብሩ ወዲህ የምትሰጥበት ጊዜ አጥታ ኖሯል።

ጨርቁን ፈታችው። ሰባት ደረቅ የገብስ ዛላ ነበር። ሰዎቹ ዙሪያዋን ከበቡ። አንዱን አንሥታ ይሄ ዋግ ነው አለች። ይሄ አረማሞ ነው፣ የጠቆረው። ይሄ በሽታ ሳይሆን የመሬቱ ጉድለት ነው። ይሄኛው የጥቅምቱ ውርጭ ነው። አማከለች አንገታቸውን እየነቀነቁ ሰሟት። ሰባተኛውን ግን አንሥታ አገላበጠችው። ወደ በሩ ብርሃን አዙራ አየችው።

«ምን አገኘው?» አሏት ምንተስኖት።

«ምንም» አለች። «ደኅና ነው። ይሄ ምንም አልታመመም።»

አራት ዓመት ተምራ ጤነኛ ገብስ ቸገራት ብሎ አንዱ ቀለደ። ደብሪቱን አላሳቃትም። «ደኅናውንማ ለማወዳደሪያ ብሎ ነው ያስቀመጠልሽ» አለች። «ምናልባት ቢጠፋብሽ ብሎ።»

ሰርካለም ዛላውን በመዳፏ ይዛ፣ ያን ሁሉ ሰው ፊት፣ ሻሿንም ሳትስብ አለቀሰች። ማንም አይዞሽ አላላትም። አማከለች ብቻ ከጎኗ ተቀምጠው ዋንጫቸውን እያጋመሱ ጉልበቷን ይደባብሱላት ነበር።

ወደ ማታ ጽዋው ሲነሣ ሙሴው እንደ ልማዳቸው የአሥራ ሁለቱን ቤት ስም ጠሩ። አባይነህም አሉ። «አለን» አለች ደብሪቱ። አባ ይሥሐቅ አሜን አሉ፤ ጽዋው ወደ ቀጣዩ ባለተራ ቤት ሄደ።

ምንተስኖት ከሁሉም በኋላ ወጡ። በሩ ላይ ሰርካለምን ጠጋ ብለው ዝግ ባለ ድምፅ፣ እኔ ቤት የሚተርፍ ዘር አለ፣ በዚህ ሳምንት በአህያ እልክላችኋለሁ፣ ለእናትሽ ከየት መጣ እንዳትያት አሏት።

ሰርካለም ሳቋ መጣ። «ጋሽ ምንተስኖት፣ እኔ ከእንግዲህ ምሥጢር አልይዝም። እሷን ይጠይቋት። ውስጥ ናት።»

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠርገው ተመለሱ። ደብሪቱ ጋኑን ዘንበል አድርጋ አተላውን ስትቀዳ አገኟት። ያሉትን ደግመው ነገሯት። ቀና ሳትል አዳመጠቻቸው።

«እወስዳለሁ» አለች በመጨረሻ። «ቁናውን በቁና፣ ከአውድማ ላይ ትቀበለኛለህ። ግን መጀመሪያ ልጄ ትየው። አረማሞ ያለበት ዘር እኔ ቤት አይገባም።»