ሻይ ማፍያው ሲሰካ

ልብሳቸውን በመርፌ ቁልፍ የሚያያይዙ ወጣት ዘፋኞች በሁለት ደቂቃ ዘፈኖቻቸው ለንደንን የያዙበት ዓመት ነበር። የእኛ የሙዚቃ ቡድን፣ ታሎው ሂል፣ እስከዚያ ድረስ አራት ሸክላ አሳትሞ ነበር፤ አራቱም ብዙ አልተሸጡም። ሸክላ አሳታሚው ኩባንያ አንድ ሰው ልኮ ሊያዳምጠን ቀጠሮ ያዘ። የሚላከው ሚስተር ፔንፎልድ ከወደደን አምስተኛውን እንቀዳለን፤ ካልወደደን ሰኞ ጠዋት እኔ ኖርዝሃምፕተን፣ አባቴ በሚሠራበት የጫማ ፋብሪካ እገኛለሁ። ቦታውን ለምኖ አስይዞልኛል።

አዲሱ ሥራችን ሃያ ሦስት ደቂቃ ይፈጃል፤ የሸክላውን አንድ ገጽ ብቻውን ይሞላል። መኪና ውስጥ ፈራ ተባ እያልኩ፣ «ስድስት ደቂቃ ብናደርገውስ?» አልኩ።

ሮላንድ፣ ጊታር ተጫዋቹና ደራሲያችን፣ ዞሮ እንኳ አላየኝም። «ሙሽራዋን ስንድር አንገቷን እንቁረጥ?»

«ሙሽራዋ ሃያ ሦስት ደቂቃ ሳታቋርጥ ነው የምታወራው?» አለ ከበሮ መቺው ኦስዊን። «ምስኪን ባል።»

ዘፋኛችን ሄስተር ሳቀች። ሮላንድ እስክንደርስ ድረስ አኮረፈ።

የዊስትልቢ መንደር አዳራሽ ማታ ለቢንጎ ጨዋታ ስለተያዘ የተሰጠን ከሰዓት በኋላ ነበር። ጠባቂዋ ወይዘሮ ታፕስኮት ባርኔጣቸውን ሳያወልቁ ወለሉን ይጠርጋሉ።

«ልጆቼ፣ እዚህ ቤት ሻይ አሥር ሰዓት ላይ ይቀርባል» አሉ።

«የእኛ ሙዚቃ ዕረፍት የለውም፣ ወይዘሮ» አለ ሮላንድ።

«እናንተ አትጠጡ እንግዲያ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሠርግም ሆነ ለቅሶ አሥር ሰዓትን አላለፍኩም።»

እኔ የምጫወተው ሜሎትሮን የሚባል፣ እንደ ፒያኖ ባለ ቁልፍ መሣሪያ ነው። እያንዳንዱ ቁልፍ ሥር የመዘምራን ድምፅ የተቀዳበት የቴፕ ክር አለ፤ ስትጫነው ሞተር ክሩን ይስበዋል። ክሩ በስምንት ሰከንድ ያልቃል፤ ስለዚህ ክሩ ከማለቁ በፊት ጣትህ ወደ ሌላ ቁልፍ መሸሽ አለበት። ኤሌክትሪኩ ከደከመ ደግሞ ሞተሩ አብሮ ይደክማል፣ ድምፁም ይወርዳል። ይህን አውቃለሁ። ግን ከመድረኩ መጋረጃ ጀርባ ሶኬቱ ላይ ምን እንደሚሰካ መጠየቅ ትዝ አላለኝም።

አርባ ያህል የመንደሩ ሰው ተቀምጧል፤ ሚስተር ፔንፎልድ ካፖርቱን እንደለበሰ የኋላውን ወንበር ይዟል። አሥራ አራተኛው ደቂቃ ላይ ሌላው መሣሪያ ሁሉ ዝም ይላል፤ የሚቀረው የእኔ መዘምራንና የሄስተር ድምፅ ነው። ለአሥር ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሆነ። መብራቱ ደበዘዘ።

መዘምራኑ መውረድ ጀመሩ፤ ደክሞት ቀስ ብሎ እንደሚቀመጥ ሰው። እጄን ባነሳ ሁሉም ያበቃል፤ ባላነሳም የሚያበቃ መሰለኝ። የጫማው ፋብሪካ የቆዳ ሽታ አፍንጫዬ ሥር መጣ። ሄስተርን አየኋት። እሷ አላየችኝም። ዓይኗን ጨፍና፣ ቃሉን እየሳበች አብራኝ ወረደች። ሮላንድ የጊታሩን ክሮች በመዳፉ እያፈነ ገባበት። ኦስዊን የከበሮውን ጸናጽል በጣቱ ጫፍ ብቻ ነካ ነካ አደረገ። አራት ዓመት ስንጣላ ኖረን፣ አንድም ቃል ሳንነጋገር ተያይዘን ሰመጥን። ሦስት ደቂቃ ያህል ቆይቶ መብራቱ ደመቀ፤ መዘምራኑ ቀና አሉ፤ እኛም ተከትለናቸው ወጣን።

ሲያበቃ ሚስተር ፔንፎልድ ሻይ ይዞ መጣ። «ያ ሁላችሁም የወረዳችሁበት። እንዴት ነው የምትሠሩት?»

ሮላንድ ጉሮሮውን ጠረገ። «አንድ ዓመት ሙሉ የተለማመድነው የራሳችን...»

ውሸቱ ሊያድነን ይችል ነበር። ግን ስቱዲዮ ገብተን ድገሙት ሲለን ምን እናደርጋለን?

«የሻይ ማፍያው ነው፤ ሲሰካ ኤሌክትሪኩ ደከመ» አልኩ።

ሮላንድ በዓይኑ ገደለኝ። ሚስተር ፔንፎልድ ኩባያውን፣ ከዚያ መጋረጃውን፣ ከዚያ እኔን አየ።

«ስቱዲዮ ይዛችሁት ኑ» አለ።

«ሃያ ሦስቱንም ደቂቃ?» አለ ሮላንድ፣ ድምፁ ቀጥኖ።

«ሻይ ካለበት እታገሣለሁ።»

ወይዘሮ ታፕስኮት ማፍያውን ማዋስ አልፈቀዱም። «እኔ ወደሌለሁበት የትም አይሄድም» አሉ። በሰኔ ወር ኦስዊን የመኪናውን የፊት ወንበር ለቀቀላቸውና ጭናቸው ላይ አቅፈውት ለንደን ገቡ። ስቱዲዮ ውስጥ ሶኬቱ አጠገብ፣ ባርኔጣቸውን እንደደፉ ተቀመጡ።

«ስትጠጡት ግን ስኳር አታብዙ» አሉን።

መቀዳት መጀመሩን የሚያሳየው ቀይ መብራት በራ። አሥራ አራተኛው ደቂቃ ሲደርስ መናገር ስለማይቻል በቅንድቤ ጠቀስኳቸው። ጎንበስ ብለው ሰኩት፤ እኔም ስምንቱን ሰከንድ እየቆጠርኩ ጣቶቼን ማሸሽ ጀመርኩ።