የሰርክአዲስ እጩ ኮከብ

የባሌ የሽመክት ሆድ ወሬ አይችልም። ስለ ፈረስ ሲሆን ግን ሌላ ሰው ነው። እዚህ እንጅባራ በፈረሰኞች ማኅበራችን የፈረስ መልክ የሚለየው እሱ ነው፤ ዳማ፣ መጋላ፣ ቡላ ወይም አምባላይ ብሎ ካልወሰነ ማንም ፈረሱን በዚያ ስም አይጠራውም። በውርንጭላ ከመጡበት ደግሞ ጭራሽ አፉን አይከፍትም። ጥቁር ሆኖ የተወለደ ፈረስ ካደገ በኋላ አምባላይ፣ ማለትም ነጭ፣ ሲሆን ስላየ፣ ባለቤቱ ቢለምነውም ቢቆጣውም "ጠጉሩን ይጣልና እናያለን" ብቻ ነው መልሱ። በዚህ ጠባዩ ስንቱ አኩርፎታል።

ይኸው ሰው ነው እንግዲህ በ2010 ዓ.ም. በልጃችን ኮከብ ላይ የቸኮለው።

ልጃችን ሰርክአዲስ አዲስ አበባ ስለ ከዋክብት ታጠናለች። ለሁለተኛ ዲግሪዋ የያዘችው አንድ ኮከብ ነው፤ ስም እንኳ የለውም፣ በቁጥር ነው የሚታወቀው። በስልክ እየነገረችን እኔም ቀስ በቀስ ገባኝ። ከፀሐይ በአሥሮች እጥፍ የሚከብድ፣ በመቶ ሺዎች እጥፍ የሚያበራ፣ ከግለቱ የተነሣ ሰማያዊ የሆነ ኮከብ ነው። እንዲህ ያሉት ከዋክብት መርጋት አይሆንላቸውም፤ ከገላቸው እየገፈፉ ወደ ውጭ ይበትናሉ። ለዓመታት ጸጥ ብለው ይቆዩና ድንገት ይነሣባቸዋል። ያን ጊዜ ድምቀታቸው ይጨምራል፣ ሰማያዊው መልካቸውም ወደ ቢጫ ያደላል፤ ሲበርድላቸው ደግሞ ወደ ቀድሞው ይመለሳሉ። "አባትሽን ነዋ የምታጠኚው" ብላት ሳቀች።

የአመዳደቡ ሕግ ግን ጥብቅ ነው። ኮከቡ የቱንም ያህል ደማቅና ሰማያዊ ቢሆን፣ የበተነው ጋዝ በዙሪያው ቢታይም፣ ሲለዋወጥ ካልተያዘ ከተለዋዋጮቹ ጋር አይቆጠርም። እጩ ይባላል። እጩ እንደ ተባለ የሰው ዕድሜ ሊያልፍበት ይችላል።

መስከረም ላይ ደወለችና "ድምቀቱ የጨመረ ይመስላል፤ ገና እያጣራሁ ነው" አለችን። ሽመክት ማጣራቱን ለመጠበቅ ጊዜ አልነበረውም፤ ጋቢውን ደርቦ ወጣ። በማግስቱ ማኅበሩ በሙሉ ሰርክአዲስ የሚለዋወጥ ሰማያዊ ኮከብ ማግኘቷን ሰምቷል። ብዙም ሳይቆይ ዳንግላ ገበያ ስወርድ ጋሪ ነጂው ሁሉ "የኮከቧ እናት" ይለኝ ጀመር። አልዋሽም፣ ደስ ብሎኛል።

ማኅበሩም ጥር ሃያ ሦስት በሚከበረው የፈረሰኞች በዓል ሊሸልማት ወሰነ። ሽልማቱ ግላስ ነው፤ ፈረስ በክብር ቀን የሚለብሰው ጥልፍ ልብስ። የፈረስ ዕቃ የምሰፋው እኔ ነኝና ሥራው ወደ እኔ መጣ። በቀይ ጨርቅ ላይ በሰማያዊ ክር ኮከብ ጠለፍኩበት። እንደዚያ ያማረ ሥራ ከእጄ ወጥቶ አያውቅም።

ሰርክአዲስ በበዓሉ ዋዜማ መጣች። አባቷ ደጅ ላይ ፈረሱን እያሻሸ ነበር። ሳመችውና ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ "አባዬ፣ ኮከቡ አልተለወጠም" አለችው። ከጎኑ ያለ የሌላ ኮከብ ብርሃን ተደባልቆበት ነበር የደመቀ የመሰለው። ስሕተቱን ያገኘችው ራሷ ናት። የዲግሪ ጽሑፏንም ኮከቡን እጩ ብላ አስረክባለች።

"ነገም ይህንኑ እናገራለሁ" አለች።

"ከበዓሉ በኋላ ብትናገሪ ምን ይልሻል?" አለ ሽመክት። "አገር ሰምቷል። በምን ፊቴ ከማኅበሩ ፊት እቆማለሁ?"

"ያልሆነውን ሆነ ብዬ ልሸለም?"

"ምልክቱ ሁሉ አለው ብለሽ የለም? ምን ቀረው?"

"መለወጡ ነዋ። አባዬ፣ አንተስ ጠጉሩን ያልጣለ ውርንጭላ አምባላይ ነው ትላለህ?"

ሽመክት ማሻሻውን ጥሎ ሄደ። እኔም ብሆን ለእሷ አልወገንኩም፤ ግላሱን ሳጥፍ እንባዬ መጣ። ልጄ ልክ ናት፤ ያናደደኝም ልክ መሆኗ ነው።

በማግስቱ ሜዳው በፈረስና በሰው ተጨናነቀ። መድረክ መሪው በዛብህ ስሟን ጠርቶ፣ ኮከቡንም እሷንም አሞጋግሶ ድምፅ ማጉያውን ሰጣት። ሽመክት ከፈረሰኞቹ ሰልፍ ውስጥ ሆኖ መሬት መሬት ያያል። ሰርክአዲስ ሳትንተባተብ ተናገረች። ኮከቡን ቀድሞ ሌሎች እንደ መዘገቡት፣ የእሷ ሥራ ምድቡን መለየት እንደ ሆነ፣ ሲለወጥ እንዳላየችውና ገና እጩ እንደ ሆነ ነገረቻቸው።

የማኅበሩ ሊቀ መንበር፣ ሽማግሌው አቶ አየነው፣ "ታዲያ መቼ ነው የሚለወጠው ልጄ?" አሏት።

"አላውቅም አባቴ። ለከርሞ ሊሆን ይችላል፤ እርስዎም እኔም ካለፍን በኋላ ሊሆን ይችላል። እኔ ግን እየተከታተልኩት እቆያለሁ።"

አዛውንቱ ግላሱን አነሡና "ሆነም አልሆነም ለፍተሻል። እንኪ፣ ውሰጂው" አሏት። ሰዉ አጨበጨበ። እኔም እፎይ አልኩ፤ እውነቱም ተነገረ፣ ግላሱም ቤቴ ሊገባ ነው።

ያን ጊዜ ሽመክት ፈረሱን ከሰልፉ አውጥቶ ወደ መድረኩ መጣ። ሊያዋርዳት ነው ብዬ ፈራሁ።

"ጋሼ አየነው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለ። "ተለወጠ ብዬ ያወራሁት እኔ ነኝ፤ እሷ አላለችም። ያ ግላስ የተሰፋው ለተለወጠ ኮከብ ነው። መልኩ ላልተለየ ፈረስ የክብር ግላስ አልብሰን እናውቃለን?"

"አናውቅም" አሉ አቶ አየነው።

"እንግዲያው በማኅበሩ ቤት ይቀመጥ። ልጄ ተለወጠ ያለች ቀን ይሰጣታል። እሷ ካለች ተለውጧል ማለት ነው።"

ሰርክአዲስ አባቷን ቀና ብላ አየችው። በምረቃዋ ቀን እንኳ እንደዚያ ፊቷ ሲበራ አላየሁም። አቶ አየነው ግላሱን አጥፈው በብብታቸው ያዙ።

ወደ ቤት ስንመለስ መንገድ ላይ ያገኘን ሁሉ ሽልማቱን አሳዩን ይላል። ሽመክት ከፈረሱ ላይ ሆኖ "አልተሸለመችም" ይላል፤ ደረቱን እንዲያ ነፍቶ። አንድ ባጃጅ ነጂ ሞተሩን አጥፍቶ "ምነው፣ ምን አጠፋች?" ሲል ጠየቀ። ባሌን ቀድሜ እኔ መለስኩለት።

"የሽመክትና የእኔ የማናለብሽ ልጅ ናት" አልኩት፤ "ያላየችውን አየሁ አትልም።"